መኪናው እስከ የት ይወርዳል?

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እንደ ነበረ ነው ብዬ አልምልም። የሰዎቹን ንግግር ያሰፈርሁት ጆሮዬ ውስጥ እንደ ቀረው ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል የሞተር ጩኸት የሰማ ጆሮ ነው። የአንዱን መኪና ቀለም ለሌላው ሰጥቼ ይሆናል። ዝናብ ነበር ያልሁበት ቀን ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን መርጫዎቹን፣ የኢንጀክተሮቹን፣ ቁጥሮች እንኳ አልሳሳትም ብዬ አምን ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከማስታወሻ ደብተሬ ጋር ሳመሳክራቸው ሁለት ሦስቱን ስቻቸው አገኘሁ። ስለዚህ አንባቢዬ በልኩ ይመነኝ።

የምኖረው እንጅባራ፣ የቆዩት ነዋሪዎች አሁንም ቆሰበር በሚሏት ከተማ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ልጆቼ ሩቅ ከተሞች ይኖራሉ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላሉ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ይሉኛል፣ እኔም «እያረፍሁ ነው» እላለሁ። የሥራ ቤቴ በነበረችው ክፍል የኢንጀክተር መፈተሻው ማሽን በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። አራት የመስታወት ቱቦዎች አሉት። አልፎ አልፎ ላስቲኩን ገልጬ ቱቦዎቹን እወለውላለሁ፤ የሚሞላባቸው ነገር ግን የለም። በከተማው ነዳጅ የማይጠጡ መኪኖች መታየት ጀምረዋል። ድምፅ ሳያሰሙ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሜ ከኋላቸው አያለሁ። የእኔ ሙያ ድምፅ የነበረው ሙያ ነው።

የተወለድሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምሕንድስና ተማርሁና ዳንግላ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተመደብሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር የማያምኑ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት እጅጌዬን ጠቅልዬ መኪና ሥር ልገባ ስል አይተው «ኢንጂነር ዘይት ከነካ ሪፖርቱን ማን ይጽፋል?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ እሳቸው አልሣቁም። ስለ መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ይበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ የነዳጅን ፍሰት በቀመር ማስላት የምችለው እኔ አንዲት ኢንጀክተር ከሞተር ነቅዬ አላውቅም ነበር።

በጋራዡ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በአገውኛ ነበር። እኔ ስደርስ ወደ አማርኛ ይመለሱልኛል፤ ጨዋታው ግን አብሮ አይመለስም። ቋንቋውን አስተምሩኝ ብል ደስ ይላቸው እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ። አልጠየቅሁም። ዛሬ ነገ ስል የሥራ ዘመኔ አለቀ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ዳንግላ ገበያው አጠገብ፣ ከቤተሰባቸው የመለዋወጫ ሱቅ በስተጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። ከበሩ ፊት ጋሪዎች ይቆማሉ፤ ፈረሶቹ አፍንጫቸውን በበሩ እያስገቡ ያሽታሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት የመሥሪያ ቤታችንን ፒክአፕ አራት ኢንጀክተሮች በጋዜጣ ጠቅልዬ ነበር። ኢንጀክተር ቤንዚኑን እንደ ጉም አድርጋ ወደ ሞተሩ የምትረጭ፣ ከጣት እምብዛም የማትበልጥ ዕቃ ናት።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ኢንጂነር ነህ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ጥሩ ነው። እጅህን ታጠብ።»

ሳሙናና ማስታጠቢያ በር ላይ ነበር። ታጠብሁ። እሳቸው ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ አስተኙ፣ በእያንዳንዷ አንገት ላይ ቁጥር ያለባት ክር አሰሩ። ከዚያም ከጫማ ካርቶን የተቆረጠች ካርድ አውጥተው እርሳሳቸውን አሾሉ።

«ይህ መኪና እስከ የት ይወርዳል?»

«ችግሩ ቁልቁለት አይደለም፣ ጋሽ ሰይድ። ዳገት ላይ ነው የሚደክመው።»

«የሚደክምበትን መቼ ጠየቅሁህ? የሚወርድበትን ነው የጠየቅሁ።»

በደጋ የሚኖር ሾፌር ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገት ነው። ዳገት ላይ የቆመች መኪና ታሳፍራለች፤ ዳገት የወጣች መኪና ትወደሳለች። ወደ ቆላ የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ መኪናው በራሱ ክብደት የሚሄድበት ነው ይባላል። ጋሽ ሰይድ በወጣትነታቸው ወደ በለስ ቆላ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። ያው መኪና ቆሰበር ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ቆላ ሲደርስ ጭሱ እንደሚጠፋና ጉልበቱ እንደሚጨምር ያዩት ያኔ ነው። ምክንያቱን ያስረዱኝ ግን በመጽሐፍ ቋንቋ አልነበረም።

«ሞተር የሚበላው አየር ነው፤ ቤንዚኑ ወጡ ነው። እዚህ ደጋ አየሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ወጥ ይበቃዋል። ቆላ ሲወርድ እንጀራው ይወፍርበታል። ያኔ ወጥ ካልጨመርህለት ደረቁን ይበላል። ደረቁን የበላ ሞተር ደግሞ ይቃጠላል። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማሯችሁም?»

አስተምረውናል። በግሪክ ፊደላት በተጻፈ ቀመር አስተምረውናል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ እንደሆነች፣ የበለስ ቆላ ከአንድ ሺህ ብዙ እንደማያልፍ፣ የአየሩ ክብደት በዚያ ልክ እንደሚለያይ ማስላት እችል ነበር። ባለመኪናውን መጠየቅ እንዳለብኝ ግን ማንም አልነገረኝም።

ካርዶቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መስመር ነበራቸው፦ ባለመኪና፣ ሞተር፣ የተፈለገው ጉልበት፣ ጭነት፣ ከፍተኛ ቦታ፣ ዝቅተኛ ቦታ፣ ከዚያም የአራቱ ኢንጀክተሮች ልክ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ያልተለካ ወይም ያልተጠየቀ ነገር ሲያጋጥማቸው ባዶውን ቦታ በእርሳስ ክብ አድርገው ይተዉታል። በግምት አይሞሉትም፣ ሌላ ሰውም እንዲሞላው አይፈቅዱም። «ክቡ ይቆይ» ይላሉ፤ «አለማወቄን እንዳልረሳው።»

ከሥራ ስወጣ ወደ እሳቸው መሄድ ጀመርሁ። ሁለት ዓመት ያህል ተመላለስሁ፤ ሦስትም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር፣ በኋላ «ልጄ» አሉኝ። ያ ቃል የመንግሥት ሥራዬን ለመልቀቅ በቂ ምክንያት ሆነልኝ። ቆሰበር ላይ ሁለተኛ ክፍል ስንከፍት ማሽኑን ለእኔ ሰጡኝ። ለየመኪናው ካርድ እሞላለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ካርዶቹን በፖስታ አሽጌ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ እልክላቸዋለሁ።

በዚያ ዘመን ያገለገሉ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ከውጭ መግባት ጀምረው ነበር። ቱርቦ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ሾፌሮች እየገዙ በአሮጌ መኪኖቻቸው ላይ ይገጥሟቸዋል፤ ከዚያ «ጉልበት ጨምርልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ጉልበት ለሚፈለግበት ሞተር ኢንጀክተር መምረጥ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ትልቋን ማንሣት አይደለም። ትንሽ ከሆነች፣ ሞተሩ በኃይል ሲዞር የምትዘጋበት ጊዜ ታጣለች፤ ተከፍታ ትቀርና ከዚያ በላይ ብትጠየቅ የምትሰጠው አይኖራትም። ትልቅ ከሆነች ደግሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት አኳኋን፣ የሚበቃውን ትንሽ ጠብታ ቆጥባ መስጠት አትችልም። ሞተሩ ያስላል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ የተረፈው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ይወርዳል።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ በደቂቃ የሚጠጣውን ቤንዚን ያሰላሉ። ያንን ለአራት ይካፈሉና ኢንጀክተሯ ከአቅሟ ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ እንድትሠራ አድርገው ይመርጣሉ፤ አምስተኛው እጅ መተንፈሻዋ ነው። ከዚያ ፓምፑ ያንን ያህል ቤንዚን በበቂ ግፊት መላክ መቻሉን ያያሉ። ከዚያ የኢንጀክተሯን ጥቅል ሽቦ በመለኪያ ይነካሉ፤ ሽቦው ለኤሌክትሪክ ብዙ የሚለቅ ከሆነ የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ከዚያ የርጭቱን ቅርጽ ያያሉ፤ ወደ ቫልቩ መሄድ ሲገባው ግድግዳ የሚያረጥብ ርጭት ልኩ ትክክል ቢሆንም አይረባም። በመጨረሻ አራቱንም በአንድ ጊዜ በመስታወት ቱቦዎቹ ላይ ያስረጫሉ። ባለመኪናው ቆሞ እንዲያይ ያስገድዱታል። አራቱ ቱቦዎች እኩል ሲሞሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ። እኔም አብሬያቸው መጨፈን ተማርሁ።

አሁን ወደ በላይነህ ልምጣ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

በላይነህ የዘንገና አካባቢ ሰው፣ የፈረስ ሰው ነው። አባቱ በአዊ ፈረሰኞች ዘንድ ስማቸው የሚጠራ ነበሩ። እሱ ግን ከልጅነቱ ልቡ መኪና ላይ ነበር። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው። ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት ፈረሶች ሸጦ ባለ ቱርቦ ሞተር ገዛ፣ በአሮጌ የቤት መኪናው ላይ አስገጠመና ወደ እኔ መጣ። የዳንግላ ነጋዴዎችን በኮንትራት ነበር የሚያመላልሰው።

«ኢንጂነር፣ ሁለት ፈረስ ሸጬ ነው የገዛሁት። የሁለት ፈረስ ጉልበት ብቻ እንዳይሰጠኝ አደራ!»

«ስንት ትፈልጋለህ?»

«ሶምሶማ አልፈልግም። ግልቢያ ነው የምፈልገው። አራት ነጋዴ ጭኜ፣ የነጋዴ ወሬም ጭኜ፣ ማርሽ ሳልቀንስ ዳገቱን ልውጣ።»

«ወሬው ይከብዳል።»

«ከሰውየው ይከብዳል እንጂ!»

ሣቅን። የዚያን ቀን ሣቅ ግን አልረሳውም፤ በዚህ አገር አብሬ ከልቤ ከሣቅሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው።

ሦስት ምርጫ ነበረኝ። ከሞተሩ ጋር የመጡት ኢንጀክተሮች ደክመው ነበር፤ ተውኋቸው። ሁለተኛዎቹ ከትልቅ ሞተር የወጡ ነበሩ፤ የሚሰጡት ቤንዚን ይተርፋል፣ ነገር ግን ጥቅል ሽቦአቸው ለኮምፒውተሩ የማይስማማ ስለ ነበር ተጨማሪ መከላከያ ይፈልጋሉ፣ ሚኒሞ ላይም ሞተሩን ያስሉታል። ሦስተኛዎቹ መካከለኛ ነበሩ። ቱቦ ላይ ሳስረጫቸው እንደ አራት መንታ እኩል ሞሉ፤ ርጭታቸው የጧት ጉም ይመስል ነበር። አስልቼ አየሁ። በቆሰበር አየር፣ በሙሉ ጉልበት፣ ከአቅማቸው ከአሥር እጅ ዘጠኙን ይሠራሉ። ለመተንፈሻ የቀረው የጋሽ ሰይድ ልክ ግማሽ ነው።

ጋሽ ሰይድ በዚያ ሳምንት ለዘመድ ሐዘን ርቀው ሄደው ነበር፤ ስልካቸው አይሠራም። በላይነህ በየቀኑ ይመጣል። እኔም ቀመሬን አመንሁ። ርጭታቸው ስላማረ ወደድኋቸው፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ገጠምኋቸው፤ በዳንግላ መንገድ ሄደን ተመለስን፤ መኪናዋ በረረች። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ነቅዬ አየሁ፣ ጫፋቸው ደህና ቡናማ ነበር፤ ሞተሩ ደረቁን አለመብላቱን የሚያሳይ ቀለም ነው። በላይነህ አቅፎ ሳመኝ።

ጥያቄውን ጠይቄዋለሁ? ለብዙ ዓመታት የሚታየኝ ይህ ነው፦ በላይነህ መኪናዋ ላይ ተደግፎ፣ የሣር አገዳ እያኘከ፣ «ከዳንግላ አትወርድም፣ ምን ልታደርግ?» ሲለኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መኪናዋ በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። በላይነህ ከጎኗ ቆሞ ነበር፤ ልብሱ በቆላ አቧራ ቀልቷል። ነጋዴዎች ጭኖ ከቻግኒ በታች፣ ወደ በለስ ቆላ ወርዷል። ሜዳው ላይ ሲደርስ መኪናዋ ከመቼውም ይበልጥ እንደ ተመቸች ነገረኝ፤ «እንደዚያ ሄዳ አታውቅም» አለ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ ጭስ። ቀጥሎ ዝምታ። ነጋዴዎቹ ሌላ መኪና ለምነው ሄዱ፤ እሱ በዚያ ሐሩር ከመኪናዋ ጋር ዋለ።

ሞተሩን ፈታሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፒስተን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበራቸው። የካንዴላዎቹ ጫፍ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ወፍራሙ አየር ገብቷል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጠይቋል፣ የመረጥኋቸው ያማሩ ኢንጀክተሮች ግን የሚሰጡት አልነበራቸውም።

ጋሽ ሰይድ ወሬውን ሰምተው በሚኒባስ መጡ፤ በላይነህም ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፒስተኑን አንሥተው በቀዳዳው ውስጥ ወደ በሩ ብርሃን ተመለከቱ።

«ስንት አስቀርተህለት ነበር?»

«ከአሥር አንድ።»

«ቆላ እንደሚወርድ አልነገረህም?»

«ጠይቄዋለሁ። ከዳንግላ አትወርድም አለኝ።»

በላይነህ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ማን? እኔ? ኢንጂነር፣ እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም!»

«ጠይቄሃለሁ።»

«መቼ? ምን ስሠራ? ብትጠይቀኝ ምን ይከብደኛል? በለስ እወርዳለሁ ማለት ወንጀል ነው? ለእናንተ ብዋሽ የምቃጠለው እኔ አይደለሁም?»

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «በላይነህ፣ ይህ ልጄ ጠይቄአለሁ ካለ ጠይቋል።»

በላይነህ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ንብረቱን በሚመለከት የሆነውን አልዘረዝርም። ከዚያ የከፋው ሌላው ነው። ነጋዴዎቹ ሁሉ የጋሽ ሰይድ ወዳጆች ነበሩ፤ ጋሽ ሰይድ ውሸታም ባደረጉት ሰው መኪና ማን ይሳፈራል? «ፈረስ ሸጦ ዐመድ ገዛ፣ ጥፋቱንም በሰው ላይ ላከከ» ተባለ። መንዳቱን ትቶ ወደ ዘንገና ተመለሰ። ገበያ ላይ ስንገናኝ መንገድ ይለውጥ ነበር። ወይስ የምለውጠው እኔ ነበርሁ? ይህንንም እርግጠኛ አይደለሁም።

የዚያን ወር ካርዶች በፖስታ አሽጌ ላክሁ። ሳላያቸው ነው ያሸግሁት፤ ቢያንስ ሳላያቸው ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሰይድ ተለወጡ። ለየመኪናው ይደውሉና «ባለመኪናውን አቅርብልኝ» ይላሉ፤ ስልኩን ስሰጠው «እስከ የት ትወርዳለህ?» ብለው ራሳቸው ይጠይቁታል። እርጅና ነው ብዬ ተረጎምሁት። «ልጄ» ማለታቸውንም ተዉ፤ እንደ ድሮው «ኢንጂነር» ሆንሁ። አራት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነን ሠራን፤ ከዚያ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ያለ እሳቸው ክፍሉ ከበደኝ። እዚሁ እንጅባራ በአንድ ኮሌጅ አስተማሪ ሆንሁና እስከ ጡረታ ቆየሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ሁልጊዜ የጋሽ ሰይድ ጥያቄ ነበር። አንዲት ተማሪ አንድ ጊዜ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎ ሳይጠይቁ የቀሩበት ጊዜ አለ?» አለችኝ። «የለም» አልሁና ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። የሚጻፍ ነገር አልነበረኝም፤ የጻፍሁትን አጥፍቼ መልሼ ጻፍሁት።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጊዜ ስለ ተረፈኝ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን ማንበብ ጀመርሁ። ከቀናት በአንዱ ስለ አንድ የበሬ ነጋዴ የጻፍኋትን አጭር ነገር አገኘሁ፦ ፒክአፑ ላይ ተደግፎ፣ የሣር አገዳ እያኘከ፣ መኪናው ከዳንግላ እንደማይወርድ የነገረኝ ሰው። የበላይነህ ጉዳይ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት ነው የተጻፈው። ደብተሩን ዘጋሁ። ዓመታት ሙሉ ያየሁት ፊት የበላይነህ ነበር፤ ሣሩና ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነበሩ። ምናልባት ሁለቱም ሣር አኝከው ይሆናል፤ ምናልባት ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተው ይሆናል። ይህን የሚለየው ካርዱ ብቻ ነው።

ካርዱን ለመፈለግ አንድ ወር ሙሉ ፈራሁ። ከዚያ ወደ ዳንግላ ሄድሁ። የመለዋወጫ ሱቁን አሁን የያዘችው የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘይነብ ናት። ፊት ለፊት ጋሪዎቹ አሁንም ይቆማሉ፤ ባጃጆች መካከላቸው ገብተዋል።

«ጋሽ ኢንጂነር! በሕይወት አሉ እንዴ?» አለች ተነሥታ። «ጠፉብን እኮ!»

«አለሁ። የአባትሽ ካርዶች ተጥለዋል?»

«ማን ይጥላቸዋል? አይጥ እንዳይበላቸው በቆርቆሮ ሣጥን አድርጌአቸዋለሁ። አባባ ‹የሚጠይቅ ሰው ይመጣል› ይል ነበር። እርስዎ ኖረዋል የሚመጡት?»

ተከትያት ገባሁ። ሣጥኖቹ ከኋላ፣ በዚያችው ክፍል ነበሩ። ከመንካቴ በፊት በሩ ላይ ያለውን ማስታጠቢያ አየሁና እጄን ታጠብሁ። ካርዱን ያገኘሁት በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። ዘይነብ ልውሰደው ብላት ፈቀደችልኝ። በእንጅባራ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከተማው ስደርስ ሳላድር ባጃጅ ያዝሁና ወደ ዘንገና ሄድሁ፤ ባድር እንደማልሄድ አውቅ ነበር።

በላይነህ ከቤቱ ፊት ለፊት የአንድ ግራጫ ፈረስ ኮቴ አንሥቶ ይጠርግ ነበር። ሸብቷል። ባለቤቱ ትርንጎ እህል እያበጠረች ነበር፤ በአገውኛ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ቀና አለ።

«ኢንጂነር» አለ። የፈረሱን እግር ግን አልለቀቀም።

«በላይነህ፣ እንደምን ዋልህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ምን አመጣህ? ፈረስ ኢንጀክተር የለውም።»

ልስቅ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። «ካርድህን አግኝቼ ነው» አልሁት።

የፈረሱን እግር በቀስታ አወረደ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ጋሽ ሰይድ እዚህ መጥተው ነበር» አለ። «ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው። እዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያልጠየቅሁህ እኔ ነኝ› አሉኝ። እሳቸውማ በዚያ ሳምንት ለሐዘን ርቀው ሄደው ነበር። አንተን ለማዳን እንደሆነ ገብቶኛል። ይቅር ብያለሁ አልኋቸው፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው። የምጠብቀው ግን አንተን ነበር።»

«አላስታውስም ነበር፣ በላይነህ። ጠይቄሃለሁ ብዬ አምን ነበር።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ያልተጠየቀ ሰው አይረሳም።» ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ትርንጎ፣ ነይ እስቲ። ይቺ ሴት ያኔ እንኳ ‹ምናልባት ጠይቆህ ዘንግተህ ይሆናል› ብላኛለች። እሷም ጭምር! በል ጮክ ብለህ አንብብላት።»

ትርንጎ ወንፊቷን አስቀምጣ ቀረበች። መነጽሬን አደረግሁ። ካርዱን በሁለት እጄ ያዝሁት። የተጻፈው ሁሉ በእኔ የእጅ ጽሕፈት፣ በእኔ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። መስመር በመስመር አነበብሁላቸው።

«ባለመኪና፦ በላይነህ። ሞተር፦ ባለ ቱርቦ፣ አራት ሲሊንደር። የተፈለገው ጉልበት፦ ማርሽ ሳይቀንስ ዳገት የሚወጣ። ጭነት፦ አራት ሰው። ከፍተኛ ቦታ፦ ቆሰበር።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ደረስሁ። በእርሳስ የተሠራች ክብ ነበረች፤ እጁ ከሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የወጣች፣ ሳትገጥም የቀረች ክብ። ጋሽ ሰይድ አይተውታል።

«ዝቅተኛ ቦታ» ብዬ አነበብሁና ቆምሁ።

«እሺ፣ ምን ይላል?» አለች ትርንጎ።

«ምንም አይልም» አልኋት። «ባዶ ነው።»